«ማንም አልሞተም፣ እኔ ነኝ»፦ በትንሽ ከተማ ውስጥ ስላለ ብቸኝነትና ሳቅ አጭር ልብ ወለድ መጻፍ

የጣርማበር ጉም | ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 2፡40

እንደምን አመሻችሁ። ለረጅም ጊዜ የሌሎችን ጽሑፍ ሳነብ ቆይቼ ዛሬ የራሴን ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። የምኖረው ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ፣ ጣልያኖች ከቆፈሩት የጣርማበር ዋሻ ወዲያ ባለች ትንሽ ከተማ ነው፤ ስሟን የማልጠቅስበት ምክንያት ከዚህ በታች ከምጽፈው ይገለጥላችኋል። አማርኛ አስተምራለሁ፤ ማታ ማታ አጫጭር ልብ ወለዶችን እጽፋለሁ።

ባለፈው ወር የጻፍኩት ታሪክ ስለ አንድ የእድር ጥሩምባ ነፊ ነው። ሰውየው ሚስቱ ከሞተችበት ጊዜ ጀምሮ ብቻውን ይኖራል። ሥራውን ታውቁታላችሁ፤ ሰው ሲያርፍ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ በየመንደሩ እየዞረ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ማን እንዳረፈና ቀብሩ በየትኛው ቤተ ክርስቲያን፣ በስንት ሰዓት እንደሚፈጸም ይናገራል። ከተማው ሁሉ ድምፁን ያውቀዋል፤ ነገር ግን የሚያዳምጠው ከበሩ ኋላ ሆኖ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ የሚጠራው ስም የማን እንደሆነ እስኪለይ ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ በደኅናው ቀን እንኳ ወደ ሰው ደጅ ሲጠጋ ሰው ይደነግጣል። እሳት ለመጫር ወይም ጨው ለመበደር ሲሄድም ገና ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ማንም አልሞተም፣ እኔ ነኝ!» እያለ ይጣራል። በታሪኩ መጨረሻ አንድ ምሽት እንዲሁ ተጣርቶ የሚከፍትለት ያጣል።

ታሪኩን በትምህርት ቤታችን የሥነ ጽሑፍ ክበብ አነበብኩት። ተማሪዎቹ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳቁ፤ በሩ ሳይከፈት በሚቀርበት ቦታ ላይ ሳይቀር ሳቁ። በማግሥቱ የከተማችን ጥሩምባ ነፊ በገበያው መካከል ሲያልፍ ልጆች ከኋላው «ማንም አልሞተም!» እያሉ ሲጮኹ በዓይኔ አየሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ብዕር አላነሣሁም። የምጠይቃችሁ ይህን ነው፤ ጥፋቱ የአድማጮቹ ነው ወይስ የታሪኩ? ብቸኛን ሰውና ሳቅን በአንድ ገጽ ላይ ማኖር የሚቻለው እንዴት ነው?

ባለ በርኖስ | ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 4፡15

መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ብዕርዎን በማስቀመጥዎ አዝኛለሁ፤ መጨነቅዎ ግን ደግ ነው።

እኔ የመንዝ ሰው ነኝ፤ ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ተመልሼ የምኖረው መሐል ሜዳ ነው። ሰው «ብቸኝነት» ሲባል የሚታየው ሰው የሌለበት ስፍራ ነው፤ በእኛ አገር እንዲህ ያለው ስፍራ ሞልቷል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጓሳው አምባ ጠባቂ ሆኖ የኖረ ጎረቤት ነበረኝ። ሳምንቱን ሙሉ ከጭላዳ በቀር የሚያየው ፍጡር አልነበረም ማለት ይቻላል። ጭላዳ እንደምታውቁት ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ይውላል፤ ሲነጭም ዝም አይልም፣ ከባልንጀራው ጋር በድምፅ ሲመላለስ ነው የሚውለው። አንዱ ወንድ ብዙ ሚስቶች ይዞ ይኖራል፤ ሌላው ጎረምሳ ደግሞ ሊነጥቀው ያደባል። ይህ ጎረቤቴ በገበያ ቀን ወደ ከተማ ሲመጣ ጠላ ቤት ይቀመጥና «ወሬ ንገረን» ሲሉት የጭላዳዎቹን ኑሮ እንደ ሰው ኑሮ አድርጎ ያወራ ነበር፤ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ቤት እንደፈረሰ፣ ሽምግልና የተቀመጠው ማን እንደሆነ ሳይቀር። ቤቱ በሳቅ ይናጋል። እርሱ ግን አይስቅም፤ ሲጨርስ ዙሪያውን ይመለከታል፣ ሌላም ጠይቁኝ እንደ ማለት። እስኪመሽ ድረስ ይጠይቁታል፤ ሲመሽ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል፤ እርሱም ዳገቱን ይያያዘዋል።

በዚያ ጨዋታ ልጓሙን የያዘው ራሱ ነበር። መቼ እንደሚስቁ እርሱ ያውቃል፤ የሚስቁትም ሰጥቷቸው ነው። በእርስዎ ታሪክ ውስጥ ልጓሙ በማን እጅ ነው? የጎረቤቴ ብቸኝነት ከገደሉ አፋፍ የመጣ በመሆኑ አያስደንቅም፤ የጥሩምባ ነፊው ግን ሺህ ሰው በሚያውቀው ከተማ መካከል የተፈጠረ ስለሆነ ይበልጥ ከባድ ነው፤ ሊጻፍ የሚገባውም እርሱ ነው።

የአረርቲ ጤፍ | ኅዳር 9፣ ከረፋዱ 4፡05

ከጋሼ ባለ በርኖስ ጋር ለመስማማት እቸገራለሁ። ጠላ ቤት ውስጥ ልጓም የያዘ ሰው አንድ ከሆነ፣ የተሣቀበት ሰው መቶ ነው። እኔ ከመቶዎቹ አንዷ ነኝና ልናገር።

ተወልጄ ያደግሁት ምንጃር ነው፤ በእኛ ቤት ብቻውን ማዕድ የሚቆርስ ሰው አልነበረም። ነርስ ሆኜ የተመደብኩት ማንንም በማላውቅበት አንዲት ትንሽ ከተማ ነበር። ምሳዬን ምግብ ቤት እበላለሁ፤ ብቻዬን። አንድ ቀን እጄን ታጥቤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ስቆርስ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አፌ የለመደው ቃል አመለጠኝና ፊት ለፊቴ ወደነበረው ባዶ ወንበር «እንብላ» አልኩ። አሳላፊው ከኋላዬ ሆኖ በቀጭን ድምፅ «ይብሉ፣ ጠግበናል» ሲል ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፤ ምናልባትም ሊያቀርበኝ ፈልጎ ይሆናል። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ምሳዬን አስቋጥሬ ወደ ተከራየሁት ክፍል እየወሰድኩ ሰባት ወር በላሁ። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለው ተረት የተነገረው ለስስታም ነው፤ በዚያ ሰባት ወር ውስጥ ግን ለእኔ የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ ወንድሜ መምህር፣ ጥፋቱ የታሪኩ ነው ብዬ አምናለሁ። ብቸኛ ሰው ላይ ሳቅ ማዋጣት ቀላል ነው፤ አጠገቡ ቆሞ «ተው» የሚል ወገን የለውምና። ቃሉን ከታሪኩ ቢያወጡት ይሻላል።

ዘጠኝ ቀበሌ | ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 1፡30

እህቴ የአረርቲ ጤፍ፣ የጻፉት ልቤን ነክቶታል፤ ሆኖም ሳቁን ጨርሶ ማውጣት ታሪኩን የሚያደርቀው ይመስለኛል። ከደብረ ብርሃን አንድ ነገር ልጨምር።

ከ2,800 ሜትር በላይ በሆነው ከተማችን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ውርጩ ሰውን ሁሉ ቤቱ ያስገባዋል። የምኖርበት ግቢ ስድስት በሮች አሉት፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ስድስቱም ይዘጋሉ። መብራት የጠፋ ዕለት ግን ነገሩ ይለወጣል። ሁሉም ጋቢውን ደርቦ ወደ ደጅ ይወጣል፣ አንዱ ከሰሉን ያመጣል፣ ሌላው ቆሎ ይይዛል፣ በጨለማው ውስጥ ፊት ሳይተያዩ ጨዋታው ይደምቃል። መጨረሻ ላይ ያለውን ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ አንድ አዛውንት አሉ፤ በሌላው ቀን ድምፃቸው አይሰማም፣ በዚያን ዕለት ግን ዋናው ተጫዋች እርሳቸው ናቸው። መብራት ሲመለስ ልጆች «መጣ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ እናቶች ወደ ምድጃቸው፣ አባቶች ወደ ዜናቸው ይሮጣሉ። አዛውንቱ ባዶ በቀረው በረንዳ ላይ ሆነው፣ ያልጠሩት እንግዳ እንደ ደረሰበት ሰው፣ «ይኸው ደግሞ መጣ» ይላሉ።

መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ ሳቅሁ። ተኝቼ ሳስበው ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከአጭር ልብ ወለድ የምፈልገው ይህን ነው፤ ሳቁ ቀድሞ እንዲመጣ፣ ሌላው ደግሞ ቤት ድረስ ተከትሎኝ እንዲገባ። መምህር በመጨረሻው ገጽ ላይ የሰውየውን ሐዘን በዝርዝር አብራርተውት ከሆነ፣ ተማሪዎቹ ይዘውት ወደ ቤት የሚሄዱት ነገር አልተዉላቸውም ማለት ነው።

ቆሎ ሻጭ | ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3፡00

አጭር ሐሳብ አለኝ። ለምን ሥራውን አይቀይሩትም? ጥሩምባ ነፊውን ዘበኛ ቢያደርጉት ማንም አያውቀውም።

ዘጠኝ ቀበሌ | ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3፡20

በትንሽ ከተማ አይሠራም። ዘበኛ ቢያደርጉት «የትኛው ዘበኛ?» ይባላል፤ ፎቶ አንሺ ቢያደርጉት ደግሞ ያለው ፎቶ አንሺ አንድ ነው። በዚያ ላይ ታሪኩ ያለው በሥራው ውስጥ ነው፤ የዘበኛን ድምፅ ከበር ኋላ ሆኖ በፍርሃት የሚያዳምጥ ሰው የለም።

የቅኔ ቤት ልጅ | ኅዳር 10፣ ከንጋቱ 12፡30

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከሳላ ድንጋይ ነው የምጽፈው፤ ክርክሩን ሌሊቱን ሳነበው አድሬያለሁ።

በቋንቋችን ሳቅ የሚያስነሣው ነገር አንድ ስም ብቻ የለውም። ቧልት አለ፣ ፌዝ አለ፣ ለበጣ አለ፣ ሽሙጥ አለ፣ ስላቅ አለ፤ እነዚህ ሁሉ የሚፈልጉት አንድ ተናጋሪና አንድ የሚነገርበት ሰው ነው። «ጨዋታ» ግን ከእነዚህ ይለያል። ዝም ብሎ የተቀመጠን እንግዳ «ተጫወት እንጂ» እንለዋለን፤ ይህን ስንል ቀልድ እንዲያወራ ማዘዛችን አይደለም፣ ከእኛ ጋር እንዲሆን መለመናችን ነው። ንግግርን፣ ሳቅንና አብሮ መቀመጥን በአንድ ቃል የጠቀለለ ሕዝብ ስለ ብቸኝነት ብዙ ያውቃል ብዬ አስባለሁ። ነርሷ እህታችን ላይ የደረሰው ፌዝ ነበር፤ የጓሳው ጠባቂና የአዛውንቱ ደግሞ ጨዋታ ናቸው። ሁለቱ በጆሮ ሲሰሙ አንድ ዓይነት ሳቅ ስለሚያስነሡ ይምታታሉ።

አለቃ ገብረ ሐናን እናስብ። የፎገራው ሊቅ በአቋቋም ያላቸውን ታላቅ ስፍራ፣ በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራውን ዝማሜ እንኳ የፈጠሩት እርሳቸው መሆናቸውን የማያውቅ ሰው ቀልዳቸውን ያውቃል። በየቀልዳቸው ውስጥ ግን ሁልጊዜ ሰሚ አለ፤ ንጉሥ፣ ባለጠጋ፣ ባልቴት፣ ተማሪ። ሰሚ የሌለው ቀልደኛ ምን ያደርጋል? መምህር የጻፉት ይህን ሰው ነው፤ ለእኔ የታሪኩ ውድ ነገር እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ቃሉ ልምጣ። «ማንም አልሞተም፣ እኔ ነኝ።» ሰሙ ግልጽ ነው፤ አትደንግጡ፣ መርዶ አልያዝኩም ማለት ነው። ወርቁን ግን ተመልከቱ። «ማንም» በንግግራችን ለተናቀ ሰው የምንሰጠው ስም ነው፤ «ማንም ነው» እንላለን። እንግዲህ ኅብረ ቃሉ ሲፈታ «ያ ማንም የምትሉት አልሞተም፤ እኔ ነኝ፣ ከደጃችሁ ቆሜአለሁ» ይላል። ይህን ያህል የጠለቀ ቃል በአጋጣሚ አይወጣም። መምህር፣ በእውነት ይንገሩኝ፤ ቃሉን የፈጠሩት እርስዎ ነዎት ወይስ ሰውየው?

የጣርማበር ጉም | ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 1፡50

ጥያቄው ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ዋለ። ቃሉ የእኔ አይደለም። የከተማችን ጥሩምባ ነፊ በእውነት ወደ ሰው ደጅ ሲመጡ የሚናገሩት ቃል ነው፤ እኔ ከእርሳቸው አፍ ወስጄ በልብ ወለድ ሰው አፍ ውስጥ አኖርኩት። በታሪኩ ውስጥ ሰውየው ይህን የሚለው በፍርሃት፣ እየተንተባተበ፣ ሰው እንዳይቆጣው ብሎ ነው። እርሳቸው ግን ሲናገሩት አይንተባተቡም፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ እንደ ዘፈን አዝማች አድርገው ነው የሚሉት። ይህን እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ለምን እንደቀየርኩት አሁን ስጠየቅ መልስ የለኝም። አሳዛኝ እንዲሆኑልኝ ፈልጌ ይመስለኛል።

የአረርቲ ጤፍ | ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 2፡25

መምህር፣ አንድ ነገር አስተዋልኩ። በመጀመሪያው ጽሑፍዎ «ሰውየው ይላል፣ ይጣራል» ሲሉ ቆይተው፣ አሁን ስለ እውነተኛው ሰው ሲጽፉ «ይመጣሉ፣ ይላሉ» አሉ። በታሪኩ ውስጥ ለምን አላከበሯቸውም? በከተማዎ መንገድ ላይ ሲያገኟቸው «አንተ» ይሏቸዋል? ልጆቹ ከኋላቸው ለመጮኽ የደፈሩት ከዚያች አንዲት ፊደል የተነሣ ይመስለኛል።

ቃሉን ያውጡት ያልኩትን ግን መልሼ እወስዳለሁ። የራሳቸው ከሆነ የማውጣት መብት የለኝም። ይልቅ ይሂዱና ያግኟቸው፤ እኔ በዚያ ሰባት ወር ውስጥ የፈለግሁት አንድ ሰው በሬን እንዲያንኳኳ ብቻ ነበር።

ባለ በርኖስ | ኅዳር 11፣ ከረፋዱ 3፡40

እህታችን የፊደሏን ነገር ማንሣቷ ከእኔ የልጓም ወሬ የተሻለ ነው። እኔም ከዚያው ላይ ልቀጥል።

አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ሌቪን በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጀመሪያ መንዝ ድረስ መጥቶ ኑሯችንን አጥንቷል፤ ሰምና ወርቅን የቅኔ ስልት ብቻ አድርጎ ሳይሆን የአኗኗራችን መንገድ አድርጎ ነው የተመለከተው። ይህን የማነሣው ስለ እኛ ቤት አሠራር አንድ ነገር ለማለት ነው። ድንጋይ ቤታችን ወፍራም ነው፣ በሩ ጠባብ ነው፤ ከውስጥ ያለ ሰው በደጅ ያለውን ይሰማል፣ በደጅ ያለው ግን የውስጡን አይሰማም። መምህር ታሪኩን የጻፉት መንገድ ላይ ቆመው ነው። ከመንገድ ሲታዩ ጥሩምባ ነፊው ለብቻቸው የቆሙ አንድ ሰው ናቸው፤ ተማሪ ሁሉ ጣቱን ይቀስርባቸዋል። ተራኪው ወደ ቤት ቢገባስ? ከበሩ ኋላ ትንፋሹን ውጦ የቆመው ሰው ይተርክ። ያን ጊዜ የሚያስቀው የእኛ ድንጋጤ ይሆናል፤ ሞትን የፈራ ሙሉ ቤተሰብ አንድ ጨው ሊበደሩ ከመጡ ሽማግሌ ሲደበቅ ማየት በእውነት ያስቃል። ብቸኝነቱንም ማስረዳት አያስፈልግም፤ ከበሩ ወዲያ እንዳለ አንባቢው ያውቀዋል።

የቅኔ ቤት ልጅ | ኅዳር 11፣ ከቀትር በኋላ 9፡10

ጋሼ፣ ይህን ሐሳብ እኔም እደግፋለሁ። መምህር፣ ሄደው ሲመለሱ ይንገሩን።

የጣርማበር ጉም | ኅዳር 24፣ ከምሽቱ 3፡30

ስለ ዘገየሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግማሽ ኪሎ ቡናና ስኳር ይዤ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። በሩን ሳንኳኳ ለረጅም ጊዜ አልተከፈተም፤ ከውስጥ ዕቃ ሲነሣ ይሰማኛል። በመጨረሻ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ጫማቸውን አጥብቀው፣ ጥሩምባውን በእጃቸው ይዘው ወጡና «ማን አረፈ?» አሉኝ። ለካስ የእርሳቸውን በር የሚያንኳኳ ሰው ሁሉ የሚመጣው መርዶ ይዞ ነው፤ ይህን በአርባ ዓመቴ ነው የተረዳሁት። «ማንም አላረፈም፣ ለቡና ነው የመጣሁት» ስል መጀመሪያ ፊቴን አተኩረው አዩኝ፤ ከዚያም እዚያው ደጃፋቸው ላይ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሁለታችንም መልሰን ዝም ለማለት ጊዜ ፈጀብን።

የሠራሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ይቅርታም ጠየቅሁ። ልጆቹን አልተቀየሟቸውም። ቃሉን መቼ እንደጀመሩት ስጠይቃቸው፣ ከብዙ ዓመታት በፊት ባሏ አዲስ አበባ ሆስፒታል የተኛባት አንዲት ነፍሰ ጡር፣ እርሳቸው ወንፊት ሊመልሱ ወደ ግቢዋ ሲገቡ ዓይታ ራሷን ስታ እንደ ወደቀች አጫወቱኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሩቅ ሳይጣሩ ወደ ማንም ደጅ ተጠግተው አያውቁም። እኔ የፍርሃት መንተባተብ ያደረግሁት ቃል ሰው እንዳይደነግጥ የተሠራ ነበር።

ታሪኩን እንዳነብላቸው ጠየቁኝና አነበብኩላቸው። ጥሩምባ አነፋፉን ያሳየሁበት ቦታ ስሕተት እንደሆነ ነግረውኝ አረሙኝ፤ የወንድና የሴት፣ የሽማግሌና የልጅ መርዶ በአንድ ዜማ አይነገርም አሉ። መጨረሻው ላይ ስደርስ «እሺ፣ ከዚያስ በሩን ከፈቱለት?» አሉኝ። አልከፈቱም አልኳቸው። ሲኒያቸውን አስቀመጡና ጥቂት አሰቡ። «ይከፍታሉ» አሉ፤ «ይቆያሉ እንጂ ይከፍታሉ።»

እንደገና ጽፌዋለሁ። ጋሼ ባለ በርኖስ እንደመከሩኝ ተራኪውን ወደ ቤት አስገብቼዋለሁ፤ እህቴ የአረርቲ ጤፍ እንዳሳዩኝም ጥሩምባ ነፊው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ «እርሳቸው» ሆነዋል። ለክበቡ ከማንበቤ በፊት ራሳቸው ሊሰሙት ስለፈለጉ የፊታችን እሑድ ደግሞ እሄዳለሁ። የመጨረሻውን ክፍል እነሆ፦

«ድምፃቸውን ከአጥሩ ውጭ ስንሰማ እናቴ ሆስፒታል የተኛውን ወንድሟን አሰበች፤ አባቴ ዐረብ አገር ያለችውን እኅቴን አሰበ፤ እኔ ደግሞ ገጠር ያሉትን አያቴን። ማናችንም አልተናገርንም፤ ቤታችን ውስጥ ግን በአንድ ትንፋሽ ሦስት ሰው ተቀበረ። ከዚያ በኋላ ‹ማንም አልሞተም፣ እኔ ነኝ!› ሲሉ ሰማናቸው፤ ሦስቱንም ሙታን ከነጤናቸው መለሱልን። እናቴ ሳቅ አፈናት፤ ረከቦቱ ላይ አንድ ሲኒ ጨመረች። ‹ክፈትላቸው እንጂ› አለችው አባቴን። ‹እሺ› አለ አባቴ፤ ጎንበስ ብሎም ጫማውን በአልጋው ሥር ይፈልግ ጀመር። በሩ ከአልጋው ሦስት እርምጃ አይሆንም ነበር።»